ባዶ የተባለው እንቁላል፦ ከቢሾፍቱ ወደ ባሕር ዳር የተላከ የ120 እንቁላል ጭነት

ጠቡ የተነሣው በሰባተኛው ቀን ማታ ነው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ መፈልፈያ ማሽኑ ተከፍቶ እንቁላሎቹ ተራ በተራ በባትሪ ሲታዩ፣ ከ96ቱ 23ቱ የደም ሥር የሚባል ነገር ሳይታይባቸው፣ ልክ ትናንት እንደተጣለ እንቁላል ጥርት ብለው አበሩ። ተቀባይዋ ስልክ አነሣች። «ወንድሜ፣ አውራ ያልረገጠው እንቁላል ነው እኮ የሸጥህልኝ!» ቢሾፍቱ ያለው ላኪ ደግሞ «እትዬ፣ ከዚሁ እንቁላል እኔም 30 አስገብቻለሁ፤ የእኔው ደም አሳይቷል። እስቲ ማሽንዎን ይዩት» አላት።

ገንዘቡ ይመለስ አይመለስ የሚለው ክርክር ሁለት ቀን ፈጀ። የተቋጨው ግን በክርክር አይደለም፤ ባዶ የተባሉትን እንቁላሎች አንድ በአንድ ሰብሮ በማየት ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ጭነት ከተሰበሰበበት ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቅርፊት ይከተላል፤ ቀጥሎም ከአንድ ወር በኋላ በዚያው መንገድ የመጣውን ሁለተኛ ጭነት ያያል።

እንቁላሉና አሰባሰቡ

እንቁላሉ የኮይኮይ ነው። ኮይኮይ መነሻው የደቡብ አፍሪካዋ ፖቸፍስትሩም የሆነ፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ላባ ያለው፣ በእኛ አገር በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል የተለመደ ዝርያ ነው። እንቁላሉን ገዝቶ ለማስፈልፈል የሚመረጠው ዘሩ የጠራ ስለሆነ ነው፤ ጫጩቱ ወላጆቹን ይመስላል። የሳሶ ወይም የቦቫንስ እንቁላል ገዝቶ ማስፈልፈል ግን ሌላ ነገር ነው። እነሱ ድቅል ስለሆኑ ከእነሱ የሚገኘው ትውልድ አንዱ እንቁላል ጣይ፣ ሌላው ቀጫጫ፣ ሌላው ሥጋ ብቻ እየሆነ ይበታተናል። ይህን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው።

መንጋው 25 ሴትና 3 አውራ ነበረው። ለ8 እስከ 10 ሴት አንድ አውራ ስለሚበቃ በቁጥሩ በኩል ጉድለት የለም። በቀን 15 ገደማ እንቁላል ይገኝ ስለነበር 120 ለመሙላት ስምንት ቀን ፈጀ። ስምንተኛው ቀን ላይ ካርቶኑ ታሰረ፤ መኪና የተገኘው ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት የተጣለው 30 እንቁላል ከላኪው ዘንድ ቀረ፤ ኋላ «የእኔው ደም አሳይቷል» ያለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የላኪው ንጽጽር ከመነሻውም እኩል አልነበረም። እሱ ዘንድ የቀረው የአንድና የሁለት ቀን እንቁላል ሲሆን፣ የተላከው ግን ከሦስት እስከ አሥር ቀን የቆየ ነው።

ለመፈልፈል የተቀመጠ እንቁላል ጥሩ ጊዜው እስከ ሰባት ቀን ነው። የሚቀመጥበት ሙቀት ከ15 እስከ 18 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 75 በመቶ ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ከሰባት ቀን ካለፈ በየቀኑ የሚወጣው ጫጩት እያነሰ ይሄዳል፤ አስኳሉ ወደ አንድ ወገን ተንሳፍፎ እንዳይጣበቅ በየቀኑ ማዘንበልም ያስፈልጋል። ቢሾፍቱ ላይ ትሪዎቹ ከዕቃ ቤት ወለል ላይ ሳይነኩ ነው የቆዩት። ወቅቱ ዐቢይ ጾም መሆኑም አንድ ነገር ነው። በጾም የእንቁላል ገዢ ስለሚቀንስ እንቁላሉ ሻጩ ጋ ይከማቻል፤ ለማስፈልፈል የሚፈልግ ሰው ሲደውል «አለ» የሚባለው እንቁላል መቼ እንደተጣለ ካልተጠየቀ ማንም አይናገርም። በዚህ ጭነት ላይ ቅርፊቱ ላይ በእርሳስ ቀን የተጻፈበት አንድም እንቁላል አልነበረም።

አስተሻሸጉና መንገዱ

አራት ባለ 30 የወረቀት ትሪ እርስ በርሱ ተደራርቦ፣ በሲባጎ በመስቀለኛ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ የብስኩት ካርቶን ውስጥ ገባ። ከላይ ጋዜጣ ተጎዘጎዘ። ከሥርና ከጎን ምንም የለም። ካርቶኑ ዙሪያውን በላስቲክ ተጠቀለለ፤ ለዝናብ ነው ተባለ፣ በመጋቢት። ትሪዎቹ ከገበያ የመጡ፣ ቀድሞ ያገለገሉ ናቸው።

እዚህ ውስጥ ያለው ስሕተት ብዙ ነው፤ የከፋው ግን ሲባጎው ነው። የወረቀት ትሪ የላይኛውን ትሪ ክብደት የሚሸከመው በእንቁላሎቹ መካከል በቆሙት ሾጣጣ ምሰሶዎች ነው። ሲባጎው ሲጠብቅ ምሰሶዎቹ ይጫኑና የላይኛው ትሪ በታችኛው እንቁላል አናት ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ መኪናው አንድ ጉድጓድ በገባ ቁጥር መቺውም ተመቺውም እንቁላል ነው። የላስቲኩም ነገር ቀላል አይደለም። እንቁላል በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይተነፍሳል፤ ላስቲክ ውስጥ ሲታፈን የራሱ እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ጤዛው ደግሞ ባክቴሪያን ወደ ውስጥ ያስገባል። ያገለገለ ትሪ የሌላ ሰው መንጋ በሽታ ይዞ ይመጣል። ለመጨመር ያህል፣ ከእንቁላሎቹ አንዳንዶቹ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ነበር የተቀመጡት።

ጭነቱ በፖስታ ቤት አልተላከም። በእኛ አገር ፖስታ በአብዛኛው ለሣጥን ቁጥር ስለሚደርስ፣ ጥቅሉን የሚረከበው ሰው ራሱ መሄድ አለበት፤ በመሐል ቅዳሜና እሑድ ከገባ እንቁላሉ ሌላ ሁለት ቀን ያረጃል። ስለዚህ ይህን የመሰለ ጭነት አብዛኛው ሰው ለአውቶቡስ ረዳት ነው የሚሰጠው። ከቢሾፍቱ አዲስ አበባ በሚኒባስ መጣ፤ ዘመድ ቤት አደረ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በባሕር ዳር አውቶቡስ ከሥር ባለው የዕቃ መጫኛ ገባ። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና አቀበት ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል፤ ቆላው ይሞቃል፣ አቀበቱ ላይ ሞተሩም ይሞቃል፣ የዕቃ መጫኛው ደግሞ ነፋስ የለውም። ደብረ ማርቆስን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን ሲያልፍ አየሩ መልሶ ይቀዘቅዛል።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር መናኸሪያ ደረሰ። ከዚያ ወደ ሽምብጥ በባጃጅ፣ የመጨረሻውን መንገድ በኮብልስቶን ላይ። ከጉዞው ሁሉ ለእንቁላል ክፉው ይህ ክፍል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ትልቅ አውቶቡስ ያወዛውዛል፤ ባጃጅ በኮብልስቶን ላይ ግን ያንቀጠቅጣል፣ እንቁላልን የሚጎዳው ደግሞ ከውዝዋዜው ይልቅ ያ ፈጣን መንቀጥቀጥ ነው። ካርቶኑን ከባጃጁ ያወረደው ልጅ «እትዬ፣ ሥሩ ረጥቧል» አለ።

ሲከፈት

ሰባት ተሰብሯል፤ አምስት ተሰንጥቋል። ከላይኛው ትሪ የተሰበረው የሁለቱ እንቁላሎች ውኃ ወርዶ በታች ያሉትን ለቅልቋቸዋል። ተቀባይዋ በደግ አሳብ እነዚህን በቀዝቃዛ ውኃ በነከረችው ጨርቅ ጠረገቻቸው። ይህ እንዳይደረግ ነው። እንቁላል ከውጭ ቀዳዳዎቹን የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለው፤ ጨርቅ ያነሣዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ደግሞ በውስጡ ያለው ይኮማተርና ከላዩ ያለውን እርጥበት ከነባክቴሪያው ወደ ውስጥ ይስባል። የቆሸሸ እንቁላል ከማስፈልፈያ ውጭ መደረግ አለበት፤ ከተጸዳም በደረቅ ነገር በቀስታ መፋቅ ነው። በ15ኛው ቀን ማሽኑ ውስጥ አንድ እንቁላል በራሱ ፈንድቶ ክፍሉን ሁሉ አገማው፤ የተጠረገ መሆኑ በላዩ በነበረው ምልክት ታወቀ።

ከዚያ ቀጥሎ የተደረገው ግን ጥሩ ነበር። 108ቱ በባትሪ ታዩ። ባትሪውን ወፍራሙ ጫፍ ላይ ለጥፎ እንቁላሉን በቀስታ ወደ ጎን ሲያዘነብሉት፣ ደኅና እንቁላል ላይ የአየር ኪሱ ጠርዝ ክብ ሆኖ ካለበት አይነቃነቅም። የተናወጠው ላይ ግን ጠርዙ እንቁላሉ ባዘነበለ ቁጥር ይከተላል፤ ግንበኛ ውኃ ልኩን ሲያጋድል በውስጡ እንደምትሸሸው አረፋ ነው። ቅርፊቱን ከውስጥ የሚያለብሱት ሁለት ስስ ሽፋኖች ናቸው፤ አየሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ጉዞ ሲያንቀጠቅጠው የውስጠኛው ሽፋን ይላቀቅና አየሩ መኖሪያ ያጣል። አስኳሉን በሁለት ወገን የያዘው ጠምዛዛ ነጭ ክርም እንዲሁ ይለጠጣል። ከ108ቱ 41ዱ እንዲህ ሆነው ተገኙ፤ በእርሳስ ምልክት ተደረገባቸው። አንዳንድ ሰው እንቁላሉን ጆሮው ላይ አድርጎ እየናጠ ይፈትናል፤ ያ ፈተና ራሱ የሚፈትነውን ነገር ይፈጥራል።

አሥራ ሁለቱ፣ 5 ምልክት ያለባቸውና 7 የሌለባቸው፣ ዓባይ ማዶ ለመታቀፍ ለተቀመጠች አንዲት የሐበሻ ዶሮ ተሰጡ። (ከጎጆዋ ሥር ነጎድጓድ እንዳያበላሸው ሚስማር ተደርጎላታል፤ ጉዳት የለውም።) 96ቱ፣ 36 ምልክት ያለባቸውና 60 የሌለባቸው፣ በዚያው ምሽት ማሽን ገቡ።

ሦስት ነገር አንድ ላይ ተሳሳተ። እንቁላሎቹ ሳያርፉ ገቡ። ማሽኑ እንቁላሉን በጎኑ አስተኝቶ በሚሽከረከሩ ዘንጎች የሚያንከባልል ዓይነት ነው፤ ኪሱ ለተላቀቀ እንቁላል ከዚህ የባሰ ማሽን የለም። ማዞሪያውም ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ በርቷል። ከጉዞ የመጣ እንቁላል ወፍራሙን ጫፍ ወደ ላይ አድርጎ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በቀዝቃዛ ክፍል ማረፍ አለበት፤ ኪሱ የመመለስ ዕድል የሚያገኘው ያኔ ነው።

ቅርፊቱ ምን አለ

ወደ ጠቡ እንመለስ። «ጥርት ያለ» እንቁላል ሁሉ ባዶ አይደለም። ዘር የሌለውም፣ ዘር ኖሮት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሞተውም በባትሪ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለያቸው መስበር ነው። እንቁላሉን ነጭ ሳሕን ላይ በቀስታ ሰብሮ አስኳሉ ላይ ያለውን ነጥብ መፈለግ፤ ከታች ከሆነ አስኳሉን በማንኪያ ጀርባ ማዞር። ዘር የሌለው እንቁላል ነጥቡ ትንሽ፣ ድፍን ነጭ፣ ጠርዙ የተቆራረጠ ነው፤ ማሽን ውስጥ ሰባት ቀን ቢቆይም አይለወጥም። ዘር ያለውና ሳይሞቅ የተሰበረው ነጥቡ ክብ ነው፣ መሐሉ ጠራ ብሎ ዙሪያው ነጭ ቀለበት ይሆናል። ዘር ኖሮት ሞቆ የሞተው ደግሞ ነጥቡ ሰፍቶ፣ ክሬም መሳይ ስስ ክብ ሽፋን ሆኖ አስኳሉ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ደም ግን የለውም።

ከ23ቱ 12ቱ በእውነት ዘር የለሽ ነበሩ። 11ዱ ግን ጀምረው የሞቱ ናቸው። ሌሎች 14 እንቁላሎች በባትሪ ሲታዩ የደም ቀለበት ያሳዩ ነበር፤ እነሱ ከዚያ በጥቂት ቀን ዘግይተው የሞቱ ናቸው። ከስምንተኛው እስከ 18ኛው ቀን 9 ሞቱ። መጨረሻ ላይ 12 ሙሉ አድገው ከቅርፊቱ ሳይወጡ ቀሩ። የተፈለፈለው 38 ነው፣ ከገባው 40 በመቶ ገደማ። ላኪው ከ30ው 23 አስፈለፈለ፤ 4ቱ ዘር የለሽ ነበሩ። ዶሮዋ ከ12ቱ 6 አወጣች፤ 2 ዘር የለሽ፣ 3 ቀድመው የሞቱ፣ 1 ደግሞ ከቅርፊት ያልወጣ።

አሁን ክርክሩ ተፈታ። ባሕር ዳር ላይ ከ108ቱ 14ቱ፣ ቢሾፍቱ ላይ ከ30ው 4ቱ ዘር የለሽ ናቸው፤ ሁለቱም 13 በመቶ ነው። መንጋው ጥፋት የለበትም። ብዙውን እንቁላል የበላው የመጀመሪያው ሳምንት ሞት ነው፦ ማሽኑ ውስጥ ከ96ቱ 25ቱ። ይህን ማሽኑ አመጣው እንዳይባል ዶሮዋም ሥር ከ12ቱ 3ቱ በዚያው ጊዜ ሞተዋል፤ ሩቧ ማለት ነው። አሥራ ሁለት እንቁላል ጥቂት ነው፣ ብዙ ነገር አይጫንበትም፤ ግን ዶሮ ሙቀቷን አታዛባም፣ እንቁላሎቹም ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው። ሞቱ የመጣው ከመንገዱና ከእንቁላሉ እድሜ ነው።

ምልክቱም የራሱን አለ። ኪሳቸው ከተላቀቀው 36ቱ 7 ብቻ ተፈለፈሉ። ኪሳቸው ደኅና ከሆነው 60ው ደግሞ 31። ስለዚህ መናወጥ ብዙ ጎድቷል፤ ግን ያልተናወጡትም እንደ ላኪው አልሆኑም። ልዩነቱን የሚሞላው ከእድሜ ቀጥሎ ሙቀት ነው። ዶሮ እንቁላል ስትጥል ጽንሱ በሆዷ ውስጥ አንድ ቀን ያህል ያደገ ነው፤ ከ21 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ይተኛል። የዕቃ መጫኛው ዓባይ በረሃ ላይ ሲሞቅ ከእንቅልፉ ይነሣል፣ እንጅባራ ላይ ሲበርድ መልሶ ይተኛል፤ በግማሽ ነቅቶ በግማሽ የተኛ ጽንስ ደግሞ ማሽን ሲገባ በሁለት ሦስተኛው ቀን ይቆማል። በዚያ ጉዞ ቴርሞሜትር አልነበረም፣ ስለዚህ ስንት ዲግሪ እንደ ደረሰ መናገር አይቻልም፤ የሞቱ ጊዜ ግን ወደዚያ ያመለክታል።

«ጣና ዳር ሆነን እርጥበት እናጣለን?»

ከቅርፊት ሳይወጡ የቀሩት 12ቱ የተቀባይዋ ድርሻ ናቸው። ሲሰበሩ አብዛኞቹ ጫጩቶች ሽፋኑ ላይ ተጣብቀው፣ ሽፋኑም ደርቆ እንደ ብራና ጠንክሮ ተገኘ። የአየር ኪሱ ከእንቁላሉ ሲሶ በላይ ወስዷል። አሥር እንቁላል በወጥ ቤት ሚዛን ተመዝኖ ነበር፦ መጀመሪያ 520 ግራም፣ በ18ኛው ቀን 437። 16 በመቶ ቀንሷል። መቀነስ የነበረበት ከ11 እስከ 13 በመቶ ነው፤ ማለት በ18ኛው ቀን ከ452 እስከ 463 ግራም መመዘን ነበረበት።

ማሽኑ 45 በመቶ እርጥበት ያሳይ ነበር፤ ከማኑዋሉ የተወሰደ ቁጥር ነው። ማኑዋሉ ስለ ከፍታ አንድም ቃል የለውም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል አራት አምስተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ከእንቁላሉ ቀዳዳዎች የሚወጣው ውኃ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ቆላ ላይ የሚበቃ እርጥበት እዚህ አይበቃም። «ሐይቅ አጠገብ ነን» የሚለውም ያሳስታል። በመጋቢት ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳር አየር ደረቅ ነው፤ ያው አየር ማሽን ውስጥ 37.5 ሲሞቅ ደግሞ አንጻራዊ እርጥበቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

እርጥበቱ እያነሰ ሲያስቸግር ተቀባይዋ የማሽኑን የአየር ቀዳዳዎች በጨርቅ ወተፈቻቸው። እዚህ ላይ ነው አንዱን ችግር በሌላ የለወጠችው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር የሚሰጠው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከ17 በመቶ ኦክስጅን ጋር የሚስተካከል ነው፤ በባሕር ጠለል ግን 21 ነው። በመጨረሻው ሳምንት ጫጩቶቹ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከፍታ ላይ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ እርጥበቱ የሚሞላው በውኃ ነው፣ ያውም በጥልቀቱ ሳይሆን በስፋቱ። አንድ ጣት ጥልቀት ያለው ሰፊ ትሪ ከሞላ ጣሳ ይበልጣል፤ በትሪው ላይ ስፖንጅ ቢቆም ደግሞ የበለጠ። ቢሾፍቱም ባሕር ዳርም ከፍታቸው ተቀራራቢ መሆኑ ዕድል ነው፤ ከቆላ የመጣ እንቁላል ቢሆን ኖሮ ችግሩ ይብስ ነበር።

በ11ኛው ቀን መብራት አምስት ሰዓት ጠፍቶ ነበር። ማሽኑ ሳይከፈት በብርድ ልብስ ተሸፈነ፤ በዚያ ሳቢያ የሞተ መኖሩን የሚያሳይ ነገር አልተገኘም።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። ላኪው የ60 እንቁላል ዋጋ ለሁለተኛው ጭነት አወረደ፤ ላረጀው እንቁላልና ለአስተሻሸጉ ነው። ተቀባይዋ የመጓጓዣውን ከራሷ ከፈለች፤ ሳያርፍ ስላስገባችውና ስለወተፈችው ቀዳዳ። ስለ አውራዎቹ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

ሁለተኛው ጭነት

ከፋሲካ በኋላ ነው። እንቁላሉ ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት ብቻ ተሰበሰበ፤ ትልቁ እድሜ ሰባት ቀን። መንጋው 25 ሴት ስለሆነ 120 አይሞላም ነበር፤ ላኪው ከጎረቤቱ መንጋ ልጨምር ሲል ተቀባይዋ እንቢ አለች፤ ላኪው 10 ቄቦች ጨምሮበት የነበረ በመሆኑ ቁጥሩ ደረሰ። እንቢ ማለቷ ልክ ነው። ፑሎረም፣ የዶሮ ታይፎይድና ማይኮፕላዝማ የሚባሉት በሽታዎች ከእናት በእንቁላል ውስጥ ወደ ጫጩት ያልፋሉ፤ ጤናው የማይታወቅ መንጋ እንቁላል ማሽኑን ሙሉ ይበክላል። እያንዳንዱ እንቁላል ላይ በእርሳስ ቀኑ ተጻፈ። በእስክሪብቶ ወይም በማርከር አይጻፍም፤ ቀለሙ ይሰርጋል።

ጭነቱ ሁለት ሆነ፣ ስልሳ ስልሳ። ስልሳ እንቁላል ከነማሸጊያው አምስት ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በአንድ እጅ ይያዛል፤ መቶ ሃያ ግን ከባድ ስለሆነ የያዘው ሁሉ ዱብ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። እያንዳንዱ እንቁላል በሶፍት ተጠቅልሎ፣ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ፣ በአዲስ ትሪ ገባ። በሙሉ ትሪ ላይ ባዶ ትሪ ተገልብጦ ተደፋ፤ ሁለቱ በስኮች እንጂ በሲባጎ አልታሰሩም፣ ያውም ሳይጠብቅ። ከካርቶኑ ሥር፣ ከአራቱም ጎንና በሁለቱ ትሪዎች መካከል አራት ጣት ያህል ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ ተሞላ። የጤፍ ጭድም ይሆናል፣ ግን አቧራ አለው፤ ከረጠበ ይሻግታል። ካርቶኑ ጎኖቹ ላይ ተበሳ፣ ላስቲክ አልነካውም። ተዘግቶ በቀስታ ሲነቀነቅ የሚሰማ ድምፅ ካለ ተከፍቶ እንደገና ይሞላል፤ አንደኛው ካርቶን ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። ላዩ ላይ «እንቁላል፤ በዚህ ወገን ወደ ላይ» ተጻፈ፣ የሲባጎ ማንጠልጠያም ወጣለት። ረዳት ማንጠልጠያ ያለውን ዕቃ ያነሣል፤ የሌለውን ይጥላል።

ካርቶኖቹ ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከሚመለስ ተማሪ ጋር ከላይ ተሳፈሩ። አንድ ወንበር ተከፈለባቸው። በአንደኛው ውስጥ ከፍተኛውን የሚይዝ ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ነበር፤ ዓባይ በረሃ ላይ 27 ዲግሪ ደርሶ፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ወደ መተላለፊያው ሲዞር ወረደ። ከመናኸሪያ ባጃጁ ኮብልስቶኑን ትቶ በአስፋልት ዞረ፤ ካርቶኖቹ በተሳፋሪው ጭን ላይ ነበሩ፣ ወለሉ ላይ አይደለም።

ሁለት እንቁላል ተሰነጠቀ። ከቀሩት 118 ኪሱ የተላቀቀው 9 ብቻ ነው። እንቁላሎቹ 24 ሰዓት አረፉ። ማሽኑ 112 ስለሚይዝ ስድስቱ ጎረቤት ወጥ ገቡ፤ ጾሙ አልፏልና። የሚንከባለሉት ዘንጎች ወጥተው በቦታቸው የተቆራረጠ የወረቀት ትሪ ገባ፣ እንቁላሎቹ ቆመው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አልተነኩም፤ ከዚያ በማሽኑ አንድ ወገን ሥር ጣውላ እየገባ፣ በቀን አምስት ጊዜ ግራና ቀኝ ተዘነበለ። እጅ የሚያደክም ነው፤ ይሠራል ግን። ቀዳዳዎቹ ክፍት ነበሩ። እርጥበቱ በሰፊ ትሪና በስፖንጅ 58 አካባቢ ተይዞ፣ በ18ኛው ቀን ማዘንበሉ ቆሞ ወደ 70 ከፍ አለ። የተመዘኑት አሥር እንቁላሎች ከ520 ግራም ወደ 457 ወረዱ፤ 12 በመቶ።

ዘር የለሽ 15፣ ቀድመው የሞቱ 8፣ በመሐል የሞቱ 4፣ ከቅርፊት ያልወጡ 11። የተፈለፈለው 74 ነው፣ ከገባው 66 በመቶ። ዘር የለሹ አሁንም 13 በመቶ መሆኑን ልብ ይሏል፤ እሱን ማሸጊያም መንገድም አይለውጠውም። የመጀመሪያው ሳምንት ሞት ግን ከ25 ወደ 8 ወርዷል። ከቅርፊት ያልወጡት 11ዱ ገና ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ 5ቱ ኪሳቸው ተላቅቆ ከመጡት 9 ውስጥ ነበሩ። የቀሩት 6ቱ ምክንያት ከማሽኑ ሙቀት ልኬት ጋር ሳይገናኝ አይቀርም፤ ሁለት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የማሽኑ ራሱ ያለው ቁጥር በ0.4 ዲግሪ ከፍ ብሎ ያሳያል፣ ማለት እንቁላሎቹ ከታሰበው በታች ነው የሞቁት፤ ጫጩቶቹም አብዛኞቹ በ21ኛው ሳይሆን በ22ኛው ቀን ነው የወጡት። ለሦስተኛው ጭነት ማሽኑ ወደ 37.9 ተስተካክሎ ይጠብቃል፤ ላኪውም በዚያኛው እንቁላል ላይ ቀን ብቻ ሳይሆን የዶሮዋን ጎጆ ቁጥር ጭምር እንዲጽፍ ተጠይቋል፣ 13 በመቶው ከየትኛው ጎጆ እንደሚመጣ እንዲታወቅ።